«የለንበትም» ማለት ምን ማለት ነው? (ስለ ባድመና ስለ ድንበሩ)

የተከዜ ማዶ፦ ትናንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ እንግዳው «የኢትዮጵያና የኤርትራን ድንበር ያሰመሩት ነጮች ናቸው፤ እኛ የለንበትም» ሲል ጠያቂው ዝም ብሎ አሳለፈው። ደሜ ፈላ። በ1990 ባድመ ላይ ወንድሙን ያጣ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ይበል? በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ከጣሊያን ጋር የድንበር ውል ሲፈረም በእኛ በኩል የነበረው ማኅተም የምኒልክ አይደለም?

አባ ዳኘው፦ ምኒልክን ለመክሰስ ከሆነ በግልጽ ተናገር። አገሩን ክፉ ቀን አድቅቆት፣ ሠራዊቱም ስንቅ ጨርሶ ነበር። እንግሊዝ በሱዳን፣ ፈረንሳይ በጅቡቲ፣ ጣሊያን በአስመራ ከበውታል። በሦስቱ መሀል አገር ያተረፈ ንጉሥ ነው።

የተከዜ ማዶ፦ እኔ የያዝኩት «የለንበትም» የሚለውን ነው። የፈረመ አለበት።

አባ ዳኘው፦ ከሥሩ እንየው እንጂ! እንግሊዝ በ1876 አድዋ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋውላ ዕቃችን በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ቃል ገባች። ዓመት ሳይሞላ ፈረንሳይ እንዳትቀድም ብላ ጣሊያን ምጽዋ ሲገባ ፈቀደች። ያ ክህደት ባይኖር የ1892 ውል ከየት ይመጣ ነበር?

ሠናፌ፦ ስለ ማኅተም ስትከራከሩ የ1902ቱን ውል አንብባችሁታል? ከሰቲት እስከ መረብ ያለው መስመር ሲወሰን «የኩናማ ነገድ የኤርትራ እንዲሆን» ይላል። ኩናማን ማን ጠየቀ?

አባ ዳኘው፦ 1902 ምንድን ነው? በእኛ 1894 ነው። ዘመኑን እንኳ በፈረንጅ ትቆጥራላችሁ።

ሠናፌ፦ ዘመኑን ተወውና ጥያቄዬን መልስ። በ1993 አልጀርስ ላይ «የመጨረሻና አስገዳጅ» ለሚሆን ውሳኔ መንግሥታችሁ ፈረመ። በ1994 ሄግ ያለው የድንበር ኮሚሽን ያንኑ ውል ይዞ ሲፈርድ ባድመ በእኛ በኤርትራ በኩል ዋለች። በዚህም የላችሁበትም?

ዓሊቴና፦ ሁላችሁም ባድመ ባድመ ትላላችሁ። እኔ ድንበሩ ላይ ከሚኖረው ሕዝብ፣ ኢሮብ ነኝ። የ1892ቱ ውል የእኛን አገር «መረብ፣ በለሳ፣ ሙና» ብሎ በሦስት የወንዝ ስም አለፈው። ሙና የትኛው ወንዝ እንደሆነ ሄግ ድረስ አከራከረ። እናቴ የእህቷን ሞት የሰማችው ከ3 ወር በኋላ፣ በሰው በሰው ነው። እህቷ ከድንበሩ ማዶ፣ እናቴ ከግቢያችን በር ቆማ የምታየው ተራራ ሥር ተቀብራ፣ እናቴ ልቅሶ መድረስ አልቻለችም።

የተከዜ ማዶ፦ ነፍስ ይማር። ይህን የሰማ ሰው እንዴት «የለንበትም» ይላል?

አባ ዳኘው፦ ነፍስ ይማር፣ እናትህንም ያጽናልን። ግን ያንን ተራራ ከእናትህ ደጅ የለየው ጣሊያን ነው፤ ከዚህ አልወጣም።

የተከዜ ማዶ፦ ብቻውን አልለየውም።

ሠናፌ፦ ኩናማን ማን ጠየቀ ብያለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ የለም።