ሁለት ባሰንጂ ውሾች ወደ አዲስ አበባ ይዤ ልገባ ነው፤ የምታውቁ ምከሩኝ

መንገደኛው (ዳላስ)

ሰላም ለሁላችሁ። 14 ዓመት ከኖርኩበት ከዳላስ ጠቅልዬ አገር ቤት ልገባ ነው። አያት አካባቢ ሰፋ ያለ ግቢ አለን። ማር የምትባል የሦስት ዓመት ባሰንጂ አለችኝ፤ እሷን ትቼ እንደማልሄድ የታወቀ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማርን የሸጠልኝ አርቢ ከእናቷ የተወለደ ወንድ ቡችላ እንዳለው ነገረኝ። ሁለቱን ወስጄ እዚያው ባረባቸውስ? አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ጀርመን ሼፐርድ አያለሁ፤ ባሰንጂ ግን አንድም ሰው ቤት አላየሁም። የአፍሪካ ውሻ ሆኖ ሳለ እኛ የምናውቀው ከአውሮፓ የመጡትን ብቻ መሆኑ ይቆጨኛል።

እናቴ ደግሞ "ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የማይጮህ ውሻ ምን ይሠራልናል?" ብላኛለች። ወረቀቱንም፣ አየሩንም፣ እርባታውንም የምታውቁ ጻፉልኝ።

ጉለሌ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። እናትህ ልክ ናቸው፤ እዚህ ሰው ውሻ የሚይዘው ሌሊት እንዲጮህለት ነው። ቡችሎቹን "ለግቢ ጥበቃ" ብሎ የሚወስድብህ ሰው በሳምንቱ ይመልስልሃል። እንደሰማሁት ደግሞ አጥር ይወጣሉ፣ ድመትና ዶሮ ያባርራሉ። የጎረቤት ዶሮ ከነካብህ ሰላም የለህም። እኔ ያሉኝ ሁለት የአገራችን ውሾች ናቸው፤ ብርዱንም በሽታውንም ችለው ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ለምን ከእነሱ አትጀምርም?

የቱሉ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ መንገደኛው፣ ማርን ይዘህ መግባትህ ደስ ይላል። ወንድሟን ግን ለእርባታ ብለህ አትውሰድ። በእጄ ላይ የደረሰ ነገር ስላለ ነው እንዲህ የምልህ።

ቱሉ የሚባል ባሰንጂ ነበረኝ፤ በ2004 የተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ስድስት ዓመት ሲሞላው ውሃ ማብዛት ጀመረ። ሌሊት ተነስቶ ሳህኑን ባዶ ያደርጋል፤ ጠዋት የማድ ቤቱን ወለል ረጥቦ አገኘዋለሁ። ቤት ውስጥ ሸንቶ የማያውቅ ውሻ እኮ ነው፤ ስገባ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። መጀመሪያ ያየው ሐኪም ሽንቱ ውስጥ ስኳር ስላገኘ "ስኳር በሽታ ነው" ብሎ ኢንሱሊን ሊያስጀምረው ነበር። የደሙ ስኳር ሲለካ ግን ምንም የለውም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ እሷ ገና የዝርያውን ስም ስትሰማ "ፋንኮኒ ይመስለኛል" አለች። እንዳለችውም ሆነ።

ፋንኮኒ ማለት ኩላሊት ስኳሩን፣ ጨውንና አሚኖ አሲዱን ወደ ደም መመለስ ሲያቅተው ነው። ለሰውነት የሚያስፈልገው ሁሉ በሽንት ይፈስሳል፣ ደሙም አሲድ ይበዛበታል። ጠዋትና ማታ የባይካርቦኔት እንክብል በተቀቀለ ሥጋ ጠቅልዬ እሰጠው ነበር። ያቺ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት አሁንም ዓይኔ ላይ ናት። ነክሬ ሳወጣት የስኳሩ ቦታ አረንጓዴ ይሆናል፣ እያየሁት ደግሞ እየጠቆረ ቡናማ ይሆናል። አራት ዓመት እንደዚህ አብረን ቆየን።

ከዚያ ወዲያ ነው "ይህ ነገር ከየት መጣ?" ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ባሰንጂ ከኮንጎና ከደቡብ ሱዳን ጫካ የወጣ የአዳኞች ውሻ ነው፤ ስለማይጮህ አደን ሲወጡ አንገቱ ላይ ቃጭል ያስሩለታል። በ1895 ሁለቱን እንግሊዝ ወስደው ክራፍትስ የተባለው የውሻ ትርዒት ላይ አሳዩአቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ዲስቴምፐር በሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ ሞቱ። በ1923 ሌዲ ሄለን ናቲንግ ከሱዳን ስድስት ይዘው ለንደን ገቡ። ውሾቹ የኳራንቲኑን ጊዜ በሰላም ጨረሱ፤ ከዚያ ያኔ አዲስ የነበረውን የዲስቴምፐር ክትባት ሲወጉ ስድስቱም አለቁ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው፣ ያን ሁሉ ወር ተዘግተው ቆይተው፣ ሊያድናቸው በተወጋ መርፌ! በመጨረሻ ኦሊቪያ በርን የተባሉ ሴት ከቤልጂግ ኮንጎ ያመጧቸው ተረፉ፤ በ1937 ክራፍትስ ላይ ሕዝብ ተጋፍቶ አያቸው።

በዚያው ዓመት አሜሪካ የገቡትንም ዲስቴምፐር አልማራቸውም፤ ቦይስ የሚባል ወንድ ብቻ ተረፈ። በ1941 ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ቡና ጭኖ ቦስተን በደረሰ መርከብ ውስጥ አጥንቷ የወጣ አንዲት ሴት ውሻ ተደብቃ ተገኘች። ስሟን ኮንጎ አሏት። ከቦይስ ጋር ነው ያጋቧት። በ1959 ቬሮኒካ ቱዶር ዊሊያምስ የተባሉ ሴት ከደቡብ ሱዳን ፉላ የምትባል ሴት ውሻ አመጡ፤ ዛሬ የዘር ሐረጉ ውስጥ ፉላ የሌለችበት ባሰንጂ ማግኘት ይከብዳል።

እንግዲህ አስበው፤ በዓለም ዙሪያ ያለው ይህ ሁሉ ባሰንጂ ከሞት ከተረፉ ጥቂት ውሾች የመጣ ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ተሸክሞት የመጣው ችግር ሁሉም ቤት ይገባል። መጀመሪያ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርስ የደም ማነስ በዛባቸው። ምርመራ ሲገኝ አርቢዎች ተሸካሚዎቹን (ራሳቸው ሳይታመሙ ችግሩን ለልጆቻቸው ሊያወርሱ የሚችሉትን) ሁሉ ከእርባታ አስወጡ። በሽታው ቀነሰ፤ ግን ድሮም የጠበበው ዘር ይብሱን ጠበበ፣ ተደብቆ የነበረው ፋንኮኒም ወጣ። ለዚህ ነው በ1987 እና በ1988 አሜሪካውያን አርቢዎች ወደ ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ተመልሰው ከገጠር መንደሮች አዲስ ውሾች ያመጡት። የአሜሪካ ኬነል ክለብም በ1990 የዘር መዝገቡን ከፍቶ ተቀበላቸው። ያ ነብር የመሰለ ባለ መስመር ቀለም የገባው በእነሱ ነው። የፋንኮኒ የዘረመል ምርመራ ተጠናቆ የወጣው በ2011 ነው። ለቱሉ አልደረሰለትም።

አንተ ከአንድ እናት የወጡ ሁለት ውሾች ወስደህ ኢትዮጵያ ውስጥ ካራባሃቸው ያንን ሁሉ ታሪክ ከ"ሀ" ልትጀምረው ነው። የሁለቱም የፋንኮኒ ምርመራ ውጤት ምን ይላል? አርቢው ወረቀቱን ሰጥቶሃል?

ለእናትህ ደግሞ፦ አይጮህም እንጂ ዝም አይልም። ሲደሰት ከጉሮሮው እንደ እንጉርጉሮ ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ሲከፋው ይጮኻል ከማለት ያለቅሳል ማለት ይቀላል። ድምፁን በስልክ አሰማቸው።

ጉለሌ፣ አንተ ያልከውም እውነት አለው። ባሰንጂም እኮ የመንደር ውሻ ነበር።

የደብረ ዘይቱ ሐኪም

እህታችን ስለ ዘሩ በደንብ አስረድተዋል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ በዲስቴምፐሩ ልቀጥል፤ በ1895 ያበቃ ነገር አይደለምና። እዚህ አገር ባለቤት ባለውም በመንገድ ውሻም መሃል ይዞራል። ባሌ ላይ በ2010 (እኔም በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ቀይ ቀበሮዎቻችንን የገደለው ይኸው በሽታ ነው፤ ከዚያ በፊት በ2003 ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ፈጅቷቸው ነበር። ሁለቱም ከውሻ የተላለፉ ናቸው። በዓለም ላይ ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ስለሆኑ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ማር ከመምጣቷ በፊት የዲስቴምፐር፣ የፓርቮና የእብድ ውሻ ክትባቷ የተሟላ ይሁን። የእብድ ውሻው ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም። የማስገቢያ ፈቃዱን ከግብርና ሚኒስቴር ቀድመህ ጠይቅ፤ ቦሌ ደርሰህ አይጠየቅም። የሐኪሙን የጤና ምስክር ወረቀት እዚያ ያለው የግብርና መሥሪያ ቤት ያረጋግጥልህ። ከቆዳዋ ሥር የሚገባ መለያ ቺፕም ይኑራት። ኢትዮጵያ በአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ዝርዝር የእብድ ውሻ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ አንድ ቀን ይዘሃት መመለስ ቢያስፈልግህ አሜሪካ ውስጥ መከተቧን የሚያሳየው ወረቀት ይፈለጋል። ከመውጣትህ በፊት አሠራው።

ስትደርስ ደግሞ በሰፈርህ ያሉትን ውሾች፣ ባለቤት የሌላቸውንም ቢሆን፣ ማስከተብ ብትችል ለማርም ለሰፈሩ ልጆችም ትልቅ ነገር ነው። የፀጉሯ ማጠር ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት አይመችም፤ ቤት ውስጥ አስተኛት።

መንገደኛው (ዳላስ)

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ የቱሉ እናት፣ ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ዛሬ አርቢው ጋ ደወልኩ። የማር እናት ተመርምራ አታውቅም። ቡችላውም አልተመረመረም። "በእኛ ቤት እንዲህ ያለ በሽታ ታይቶ አይታወቅም" ነው መልሱ። ማርን ራሴ አስመረምራታለሁ፤ ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ጠርጌ በፖስታ ልልክ ነው።

መንገደኛው (ዳላስ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ውጤቱ ደረሰ፤ ማር ተሸካሚ ናት። እንግዲህ ቡችላውን ትቼዋለሁ። ማርንም ላስመክናት ይሆን? ልቤ ተሰብሯል።

የቱሉ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አይዞህ ወንድሜ። ተሸካሚ ማለት በሽተኛ ማለት አይደለም፤ ማር በዚህ በሽታ አትያዝም። ችግሩ ከሌላ ተሸካሚ ጋር ስትወልድ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ቡችላ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል ይኖረዋል። ነጻ ከሆነ ወንድ ጋር ከሆነ ግን አንድም የሚታመም አይወለድም፤ ከቡችሎቹ በአማካይ ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ፣ እነሱንም በምርመራ ትለያቸዋለህ። በደም ማነሱ ጊዜ ተሸካሚዎቹን ሁሉ ጠርገው ማውጣታቸው ምን እንዳመጣ አንብበሃል። አታስመክናት፣ አታስቸኩላትም።

ባሰንጂ እንደሌሎች ውሾች በዓመት ሁለቴ አይደለም፣ አንዴ ብቻ ነው ወንድ የምትፈልገው፤ እዚህ በመጸው ወቅት፣ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ነው። አዲስ አበባ ላይ በክረምትና በበጋ መሃል የቀኑ ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ የእሷን ጊዜ በእዚህ የቀን መቁጠሪያ አትጠብቅ፤ ራሷን እያየህ መዝግብ። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዛየሩ ውሾች የሚወለድ፣ በምርመራ ነጻ የሆነ ወንድ እንፈልጋለን። የማርን የዘር ሐረግ ወረቀት በውስጥ ላክልኝ፤ እስከ አምስተኛው ትውልድ ድረስ ስሞቹን አንድ በአንድ አይቼ ፉላ ስንት ቦታ እንደገባች እነግርሃለሁ።

መንገደኛው (ዳላስ)

ልኬያለሁ እትዬ። የማርን ድምፅም ለእናቴ በስልክ አሰማኋት። "ይቺማ ሙሾ ታወርዳለች፤ ማን በደላት?" አለችኝና እስክትመጣ ቸኩላለች።