ዩኒቨርሲቲው የገዛ ተማሪውን በሐሰት ሊንክ ይፈትን?

አወያይ፦ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የሳይበር ደህንነት ወር ሲባል ግቢያችን ባነር ይሰቀላል፣ አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ይታያል፣ ውሃና ብስኩት ይታደላል። አለቀ። አሁን የቀረበው ሐሳብ ሌላ ነው፦ አይሲቲ ማዕከሉ ራሱ፣ አጭበርባሪዎች ፓስወርድ ለመስረቅ የሚልኩትን ዓይነት የማጥመጃ ሊንክ እየላከ ተማሪውን ይፈትን፤ የከፈተው ሰው ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም።

የ4ኛ ዓመት ሶፍትዌር፦ እደግፋለሁ። የዶርም ጓደኛዬ በቴሌግራም "የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ" የሚል መልእክት መጣለት። ከክፍላችን ልጅ ነው የመጣው፤ ማለት ከልጁ አካውንት። ስልክ ቁጥር አስገባ አለው፣ አስገባ። የቴሌግራም መግቢያ ኮድ መጣ፣ እሱንም ሰጠ። ትንሽ ቆይቶ ዱባይ ላለችው አክስቱ በእሱ ስም "ቸግሮኛል፣ ብር ላኪልኝ" ተብሎ ተጻፈላት። ላከች። ይሄ ልጅ ሴሚናሩ ላይ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለት ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ ፓስወርድ የሚጠይቀው፣ ምንድነው ብትሉት አሳምሮ ያስረዳችኋል። አላበራውም እንጂ።

የሕግ ተማሪ፦ ያሳዝናል። ግን ቴሌግራሜ የዩኒቨርሲቲው ንብረት አይደለም። ፈተናው የእውነት ፓስወርድ ከሰበሰበስ የት ይቀመጣል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለጌጥ አይደለም። ደግሞ የፖርታላችን ፓስወርድ የመታወቂያ ቁጥራችን በሆነበት ግቢ ማን ነው ፈታኙ?

ፍሬሽ፦ መቀየር ይቻላል እንዴ?

የቴክ ክበብ፦ ማስፈራራት ምን ያደርጋል? ቻናላችን ላይ በየሳምንቱ የቴክ ዜና እናወጣለን። አዲስ የማጭበርበሪያ ዘዴ ሲመጣ እዚያው ብንለጥፍ ይበቃል።

ዶርም 214፦ ወንድሜ፣ ቻናላችሁንማ እናውቀዋለን። በ2016 ክረምት ሃምስተር ኮምባት የሚባለውን፣ ስክሪን እየነኩ ሳንቲም የሚሰበስቡበትን የቴሌግራም ጌም በሪፈራል (ሰው መጋበዣ) ሊንክ ያስጀመረን ማን ሆነና? ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ስንጠቀጥቅ አደርን። ከእያንዳንዱ "ዜና" ሥር አንድ ሊንክ አለ። ያገኘነውን ሁሉ መጫን ያስለመዳችሁን እናንተ ናችሁ።

የቴክ ክበብ፦ እሺ፣ ይቺን ዋጥኳት። ክበቡ በጀት የለውም፤ ከማስታወቂያ ነው የምንኖረው።

የላብ ሠራተኛ፦ ልጆች፣ እኔ ፈተናውን አልጠላሁትም። የጠላሁት የስሙን መለጠፍ ነው። መጋቢት 6 ለ7፣ 2016 ሌሊት ታስታውሳላችሁ? የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዉ ሒሳቡ ውስጥ ከሌለው በላይ ሲያወጣ፣ ወሬው በየግቢው በስልክ ነው የተዛመተው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ቢልም "ሃክ ተደረገ" ያላለ አልነበረም። 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጥቶ ነበር። በኋላ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። እዚያ ሰው የሰው ገንዘብ ይዞ ነው፤ እዚህ ግን የተታለለን ልጅ ነው የምትለጥፉት። ላቤ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት የሆነበት ልጅ አይናገርም። ያፍራል። ዝም ብሎ ነቅሎ ይወጣል። እኔ የማውቀው ሙሉ ረድፉ ከተበከለ በኋላ ነው።

የ4ኛ ዓመት ሶፍትዌር፦ ጋሼ፣ በዚህስ ተረቱኝ። ስሙ ይቅር። ግን ፈተናው ይኑር፤ በግቢው ኢሜይል ብቻ፣ ምንም ፓስወርድ ሳይቀበል።

የሕግ ተማሪ፦ መጀመሪያ የተበላ ሰው የሚደውልበት ስልክ ይኑር፣ ማታም የሚነሳ። ከዚያ ፈትኑን።

ፍሬሽ፦ ይቅርታ፣ ፖርታሉ ላይ ፓስወርድ መቀየሪያው የቱ ጋ ነው?

የ4ኛ ዓመት ሶፍትዌር፦ ፕሮፋይል ውስጥ ግባ፣ ታች ላይ አለ። ስክሪንሾት እዚህ እንዳትልክ ብቻ።

ፍሬሽ፦ ልኬ ነበር። አጠፋሁት።