ማክዶናልድና ማክዱጋል ከአንድ አባት ከወጡ ለምን ተዋጉ?

ጠያቂ፦
ሁለቱም የስኮትላንድ ጎሳዎች የሶመርሌድ (የ12ኛው ክፍለ ዘመን የምዕራብ ስኮትላንድ ባሕር ጌታ) ዘር ነን ይላሉ። ታዲያ ሮበርት ብሩስ ለዙፋን ሲዋጋ ማክዶናልዶች ከጎኑ፣ ማክዱጋሎች ከጠላቱ ጋር የቆሙት ለምንድን ነው? ሶመርሌድ ራሱስ ኖርስ (የስካንዲኔቪያ ዘር) ነው ወይስ ጌል (የአየርላንድና የስኮትላንድ ጌሊክ ተናጋሪ)? (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕረኛ፦
ከሶመርሌድ ልጀምር። «ማን» በምትባለው ደሴት የነገሠውን የኦላፍን ልጅ ራግንሂልድን አገባ። በ1156 በጥምቀት ሌሊት ከሚስቱ ወንድም ከጎድሬድ ጋር በባሕር ላይ ገጥሞ የምዕራብ ስኮትላንድን ደሴቶች ተካፈለ፤ በ1158 ደግሞ በ53 መርከብ ተመልሶ የ«ማን» ደሴትን ያዘ። በ1164 ስኮትላንድን ሊወጋ 160 መርከብ አስከትሎ ሬንፍሩ ወረደና እዚያው ተገደለ። እነዚህን ቁጥሮች የጻፉት የ«ማን» ደሴት መነኮሳት ስለሆኑ የመርከቦቹን ብዛት ለመገመት እንጂ ለትክክለኛ ቆጠራ አትውሰዷቸው።

ርስቱ ለልጆቹ ተከፈለ። በምዕራብ ስኮትላንድ ዱጋል (የማክዱጋሎች አባት) ሎርንን፣ ራናልድ ኪንታየርንና የአይላን ደሴት ያዙ። የራናልድ ልጅ ዶናልድ የማክዶናልዶች አባት ነው፤ ሌላው ልጁ ሩዋሪ ደግሞ ሦስተኛውን ቅርንጫፍ፣ ማክሩዋሪን አስገኘ። ጥሉም ከዚሁ ከመሬት ክፍፍል ይጀምራል።

ብራና፦
ማክዶናልዶችን የነጻነት አርበኛ፣ ማክዱጋሎችን ባንዳ አድርጎ የሚያቀርበው ትረካ ከሰነዱ ጋር አይገጥምም። በ1290ዎቹ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የአይላው አሌክሳንደር ማክዶናልድ በሊዝሞር ደሴት መሬት ከማክዱጋሎች ጋር ይካሰስ ነበር፤ የእንግሊዙን ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛን ያገለገለውም እሱ ነው። ማክዱጋል ግን የስኮትላንዱ ንጉሥ የጆን ባሊዮል ሰው ነበር፤ የሎርንን አስተዳደር በ1293 ያገኘው ከባሊዮል ነው።

ሁሉን የገለበጠው የ1306 ግድያ ነው። ብሩስ ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን ደምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገድል፣ የማክዱጋሉ አለቃ ሚስት የኮሚን ቤተሰብ ነበረች። ስለዚህ ደም ገባ። ያን በጋ ማክዱጋሎች ብሩስን ዳልሪ ላይ አሸነፉት፤ እሱም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ብራንደር በተባለው ጠባብ መተላለፊያ ሰብሯቸው ደንስታፍኔጅ ምሽግን ወሰደ። አንገስ ኦግ ማክዶናልድ ከአሸናፊው ጋር ስለነበር ሎካበርንና ግሌንኮን አገኘ።

የማክዶናልዶች ታማኝነት ለማን እንደነበር ለማየት የአንገስ ኦግን ልጅ ጆንን ተመልከቱ። በ1335 ከብሩስ ቤት ተቀናቃኝ ከኤድዋርድ ባሊዮል ጋር ተዋዋለ፤ በ1336 ራሱን «የደሴቶቹ ጌታ» ብሎ ጻፈ፤ በኋላ ደግሞ የብሩስን የልጅ ልጅ የሮበርት ስቱዋርትን ልጅ አገባ። ሁልጊዜም የሚያስቀድመው ርስቱን ነው።

ዘር ቆጣሪ፦
የጌል ወይስ የኖርስ ለሚለው፦ የጎሳው የቃል ሐረግ ወደ አየርላንዱ የጥንት አፈ ታሪክ ንጉሥ ወደ ኮላ ዋይስ ይወጣል። የአለቆቹ የወንድ መስመር ዘረመል ግን በስካንዲኔቪያ የተለመደው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው አር-1-ኤ (R1a) የተባለ ምልክት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የአንድ መስመር ምልክት ብቻ ነው። ሶመርሌድ በኑሮውም በቋንቋውም ጌል መሆኑን አያፈርስም። ብዙ ማክዶናልዶችም ምልክቱ የላቸውም፤ በአለቃው መሬት የሚኖር ገበሬ የአለቃውን ስም ይይዝ ነበርና። ታርታኑንማ (ባለ ቀለም መስመር የስኮትላንድ ጨርቅ) ተዉት፤ የየጎሳው የተለየ ጥለት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

ጠያቂ፦
በመካከለኛው ዘመን ሰነድ ውስጥ «ማክዶናልድ» ብዬ ስፈልግ ለምን አላገኝም?

ብራና፦
በላቲኑ ሰነድ የሚጻፉት በአገራቸው ስም ስለሆነ ነው። ማክዱጋሎችን «ደ ኤርጋዲያ» (የአርጋይል)፣ ማክዶናልዶችን «ደ ኢሌ» (የአይላ) በሚለው ፈልግ። «የዶናልድ ልጅ» ከተባለም በዚያ ዘመን አባቱ በእርግጥ ዶናልድ የተባለ ሰው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ዓመቱን አረጋግጥ። ከ1336 በኋላ «ዶሚኑስ ኢንሱላሩም» (የደሴቶቹ ጌታ) የሚለውን ማዕረግ ጨምር፤ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 4ኛ ማዕረጉን እስከ ነጠቀበት እስከ 1493 ድረስ ይሠራልሃል።