«እረኛው ባለዋሽንት»ን የሠራው አሸናፊ ከበደ ማን ነው?

ጦሳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አለን። ልጆቹ ዋሽንትና ማሲንቆ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ኦርኬስትራ ግን ብዙም ሰምተው አያውቁም። ሰሞኑን የአሸናፊ ከበደን የኦርኬስትራ ድርሰት፣ «እረኛው ባለዋሽንት»ን፣ አስደመጥኳቸውና ጥያቄ አዘነቡብኝ። ሰውየው ማን ነው? ሌላስ ምን ሠራ? ኦርኬስትራ ይመራ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ቦርከና፦ አብሽር፣ እውነት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፍልህ። በ1938 አዲስ አበባ ተወለደ፣ አሜሪካ ኢስትማን በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረና ሲመለስ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። በ1967 ደግሞ ሃንጋሪ ሄዶ የአገሪቱን መንግሥት ኦርኬስትራ እየመራ የራሱን ድርሰቶች አስጫወተ፤ የዚያን ዘመን ሁኔታ ለሚያውቅ ቀላል ነገር አይደለም። በ1971 ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ጽፎ ዶክትሬቱን ያዘ፣ ኋላ ፍሎሪዳ አስተማረ፣ በ1998 አረፈ። እኔን የሚገርመኝ «ኮቱሬዥያ» የሚለው ድርሰቱ ነው። ኮቶ የሚባለውን የጃፓን ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ከፈረንጆቹ መሣሪያዎች ጋር አስቀምጦ ያናግረዋል።

አይጠየፍ፦ ነርሲስ ናልባንዲያንን የት ጣላችሁት? ኦርኬስትራ መምራት በአሸናፊ አልተጀመረም። የነርሲስ አጎት ኬቮርክ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር፣ የ«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን ዜማ የደረሰው አርመናዊ ነው። ነርሲስ ራሱ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ማለት ነው፣ ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠነ። ትራምፔትና ሳክስፎን የኛን ቅኝት እንዲናገሩ ብዙ የለፋ ሰው ነው። ለኔ ከአሸናፊ ይበልጣል።

ቦርከና፦ ነርሲስን ማን ነካው ወንድሜ? መንገዳቸው ለየቅል ነው። አንዱ ባንዱን ይዞ ቴአትር ቤት ገባ፣ አንዱ የእረኛውን ዜማ ይዞ ሲምፎኒ አዳራሽ ገባ። ጦሳ የጠየቀው ደግሞ ስለ ሁለተኛው ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ጦሳ ልጄ፣ ዲግሪውን አትቁጠርላቸው፣ ይሰለቻቸዋል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በኛው አገር ስም የሚጠሩ ናቸው፤ የወሎ ልጅ ጆሮው በዚህ ነው ያደገው። ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ነው፣ የፈረንጁ ፍሉት ግን ቁልፍ በቁልፍ ነው። መጀመሪያ አንዱ ልጅ አምባሰል ይንፋላቸው፣ ወዲያው የአሸናፊን ሥራ አስከትልበት። ፍሉቱ የት ቦታ ላይ እረኛ እንደሚመስል፣ የት ላይ ደግሞ ፈረንጅ እንደሚሆን ራሳቸው ይንገሩህ። ከኔና ካንተ አሻሽለው ይነግሩሃል፣ ወላሂ።

ጦሳ፦ እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። የማሲንቆ ልጆች ግን «የኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። ለማሲንቆና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ጣል ያድርግልኝ።