ፀጉራቸው የሸበተ ሮከሮች፦ በዓይናችሁ ካያችኋቸው በጆሯችሁ የቀረው ዘፈን የቱ ነው?

የቸቸላ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ወረቀት፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ሌላ ወሬ ይዤ መጣሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው።

ትናንት ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠን የእህቴ ልጅ “ጋሼ፣ ሃያ ዓመት አሜሪካ ስትኖር በጣም ደስ ያለህ ቀን የቱ ነው?” አለኝ። ዜግነት የወሰድኩበትን ቀን የምጠራለት መስሎታል። አፌ ላይ የመጣው ግን የሮክ ዘፋኙ የኒል ያንግ ኮንሰርት ነው። “ማነው ደግሞ እሱ?” አለ። እንዴት ብዬ ላስረዳው?

ዴንቨር እንደገባሁ ያገኘሁት ሥራ ፓርኪንግ ነበር፣ የሌሊት ፈረቃ። ጠባብ የመስታወት ክፍል፣ አንድ የእግር ማሞቂያ፣ አንድ ሬዲዮ። ሬዲዮው የባልደረባዬ ነው። ስድሳ የተጠጋ፣ ቬትናም የዘመተ ሰውዬ። ከክላሲክ ሮክ ጣቢያው ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጩኸት ነበር የሚመስለኝ። ብርዱ ሲያልፍ ግን ገና ጊታሩ ሲነካ ዘፈኑን እለይ ጀመር። እንግሊዝኛዬንም ግማሹን የለቀምኩት ከዚያው ነው። ክፍል ገብቼ የተማርኩትማ ፎርም ለመሙላት ብቻ ነው የጠቀመኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ እሱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ አንድ ቀን ደወለልኝ። “ሚስቴ አልመጣም ብላለች፣ ትርፍ ቲኬት አለኝ፣ ጃኬት ያዝ።” የሄድነው ሬድ ሮክስ ነው። የኮሎራዶ ልጆች ታውቁታላችሁ። ላላያችሁት ደግሞ፦ ከዴንቨር በስተ ምዕራብ፣ በሁለት ትላልቅ ቀይ ቋጥኞች መሃል የተሠራ ክፍት መድረክ ነው። ከ1941 ጀምሮ ሲዘፈንበት ኖሯል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ ከቆላ የመጣ ፈረንጅ ደረጃው መሃል ቆሞ ያለከልካል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ ብዬ እየተኩራራሁ ወጣሁት። እውነት ለመናገር ጉልበቴ ያኔም ይንቋቋ ነበር።

ጃኬት ያለኝን ትቼ ጋቢ ነው የያዝኩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ከቋጥኙ ላይ ይወርዳል። ከጎኔ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፣ አሮጊቷ ትንቀጠቀጣለች። የጋቢውን ጫፍ ዘረጋሁላት። ሳታመነታ ገባች። ባልየው ቀና ብሎ አየኝና የሚበላ ነገር አቀበለኝ። ምን እንደነበር እስካሁን አላውቅም፣ ግን በላሁት።

ከዚያ “ኦልድ ማን” የሚለው ዘፈን መጣ። ሽማግሌው እንበለው። በ1972 “ሃርቨስት” የሚለው አልበም ላይ የወጣ ነው። አልበሙ ላይ ባንጆውን የሚመታው ጄምስ ቴይለር ነው። በሬዲዮ ስሰማው ሁሌ ክራር ይመስለኝ ነበር። ኒል ያንግ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ የከብት እርባታ ቦታ ገዛ። ቦታውን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ፣ ይሄ ጎረምሳ ገንዘቡን ከየት አመጣው ብለው ተገረሙ። ዘፈኑ ለእሳቸው ነው። ወጣቱ ሽማግሌውን “እኔም እኮ እንደ አንተው ነኝ” የሚልበት።

እንግዲህ ይህን የሚዘፍነው ሰባ የተጠጋው፣ ጎፈሬው የሸበተው ሰውዬ ነው። ማን ለማን እየዘፈነ እንደሆነ ጠፋኝ። ወደ ባልደረባዬ ዞር ስል ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም።

ለዚህ ቤት ሰው የሚጥም አንድ ነገር ልጨምር። ኒል ያንግ ራሱ ስደተኛ ነው። በ1966 ከካናዳ በአሮጌ የሬሳ መኪና ሎስ አንጀለስ የገባ፣ እስከ 1970 ድረስ ግሪን ካርድ ያልነበረው ሰው። ዜግነቱን ያገኘው በ2020 መጀመሪያ ነው፣ በ74 ዓመቱ። ማሪዋና ያጨሳል ተብሎ ማመልከቻው ዘግይቶበት ነበር። ስለዚህ ኬዛችሁ የተንጠለጠለ ልጆች፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

እስቲ የእናንተን ንገሩኝ።

ማራኪ

ወንድሜ፣ ሮክ ስትል የኔ የኒው ጀርሲው ልጅ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ነው። እዚያ እየኖሩ ሌላ ማለት አይቻልም መቼም። “ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ” የሚለውን ዘፈኑን መጀመሪያ ስሰማ ፉከራ ነው ብዬ ነበር። ከበሮው፣ ጡጫው፣ “አሜሪካ ነው የተወለድኩት” እያለ መጮሁ፣ ዘራፍ አይመስልም? ግጥሙን ቁጭ ብዬ ሳነበው ለካ እንጉርጉሮ ነው። ከቬትናም ተመልሶ ሥራ ያጣ ዘማች ነው የሚናገረው። አዝማቹ ሰም፣ ስንኞቹ ወርቅ። እኛ ቅኔ ቤት ደጃፍ ያደግን ሰዎች እንኳ ተሸወድን። በ1984 ፕሬዚዳንት ሬጋንም ለምርጫ ኒው ጀርሲ መጥቶ የስፕሪንግስቲንን ስም እያነሳ ሲያወድስ ነበር። እሱም ሰሙን ነው የሰማው ይላሉ ብዙዎች።

በአካል ሳየው ደግሞ የገረመኝ ሌላ ነው። ሕዝቡ የሚፈልገውን ዘፈን ካርቶን ላይ ጽፎ ያነሳል። ሰውዬው ወርዶ ካርቶኑን ይሰበስባል፣ አንዱን ይመርጥና ለባንዱ ያሳያል፣ ወዲያው ይጀምራሉ። ከሦስት ሰዓት በላይ። በዚያ ዕድሜ! ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ “ይሄማ አዝማሪ ነው” አለችኝ። “ተቀበል!” ልለው ምንም አልቀረኝም።

አዘዞ

እኔ እንኳ ቲኬት በሰው በኩል ገዝቼ በር ላይ ሐሰተኛ ነው ተብዬ ከነልጄ ተመልሻለሁ። ከአዳራሹ ውጪ ሆነን ባሱን ብቻ ሰማን። ልጄ እስካሁን “አባዬ ያሳየኝ ኮንሰርት” እያለ ይስቅብኛል። በቀጥታ ከአዳራሹ ግዙ፣ ሌላ ምክር የለኝም። ሮክ ላሉት ደግሞ የኛዎቹን ጃኖ ባንድን አትርሱ። “ኤርታሌ” የሚለውን አልበማቸውን ያልሰማ አሁን ይስማ።

እትዬ ከቶሮንቶ

የቸቸላው ልጅ፣ ጥሩ ሰው አነሳህ። ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ሰውየው ለእኛም ዘፍኗል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ እዚህ ቶሮንቶ የካናዳ ዘፋኞች ተሰብስበው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች “ቲርስ አር ኖት ኢናፍ” የሚል ዘፈን ቀዱ። የካቲት 1985 ነው በፈረንጅ። ኒል ያንግ የራሱን ስንኝ ሲዘፍን ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ፎስተር ድምፅህ ትንሽ ወርዷል ቢለው፣ የኔ ድምፅ ይሄው ነው ብሎ መለሰለት። ይህ ታሪክ እዚህ አገር ሁሉም የሚያወራው ቀልድ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 13፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ለረሃቡ ገንዘብ በተሰበሰበበት የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይም ፊላዴልፊያ ወጥቶ ዘፍኗል።

እኔ ያኔ ጎንደር የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከገጠር የመጣው ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተኝቶ፣ እናቴ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ፣ እኔን አስከትላ ስትሄድ ትዝ ይለኛል። ለእኛ ብሎ ዓለም እየዘፈነ መሆኑን ማን ነግሮን። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው የሰማሁት። መሥሪያ ቤት “ከየት ነሽ?” ሲሉኝ ኢትዮጵያ ስል ፊታቸው ላይ ያ የዘፈን ቪዲዮ ሲያልፍ ይታየኛል። አመሰግናለሁ። ግን ያስኮርፈኛልም። ሁለቱም እውነት ነው።

ኮንሰርቱ ላይ ሳየው ግን ይሄን ሁሉ ረሳሁት። “ሃርት ኦፍ ጎልድ”ን በሃርሞኒካ ሲጀምር እንደ ሞኝ አለቀስኩ። ወርቅ ልብ ፍለጋ እየዞረ የሚያረጅ ሰው ነው። ይሄን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያቅትም።

የቸቸላ ልጅ

እትዬ፣ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ላይቭ ኤይድን እንጂ የቶሮንቶውን አልሰማሁም። የእህቴ ልጅም አጠገቤ ሆኖ አነበበው። ዝም አለና “ታዲያ እዚህ መጥቶ ያውቃል?” አለኝ። ምን ይባላል?

ማራኪ፣ “ተቀበል” ያልከው ሲከነክነኝ አደረና ማታ ልጁን ይዤ አዝማሪ ቤት ገባሁ። ማሲንቆ መቺው ወጣት ነው፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ቢሆነው። ሱፍ ኮት ከስኒከር ጋር ለብሷል። ገና ስቀመጥ ከአሜሪካ መምጣቴን በምን እንዳወቀ እንጃ፣ ዶላር ዶላር እያለ ይዞርብኝ ጀመር። የኒል ያንግን ነገር በሁለት ስንኝ ልሰጠው ፈለግኩ። ጠጅ ስለያዝኩ ድፍረት አላጣሁም። ተቀበል አልኩት፦

“ልጅ ሳለ ሽማግሌን አንተን ነኝ ቢለው፣
ዘመን ዞሮ ዞሮ ያንን ሰው አከለው።”

ተቀበለ። አሳምሮ ደገመው። አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለቤቱ። ስለማን እንደሆነ አልጠየቀም። ከዚያ ማሲንቆውን ጉያው አስጠግቶ፣ ፀጉሬን ትኩር ብሎ አየና የራሱን ጨመረበት፦

“ፀጉሩን ቢያጠቁረው ቀለም ቀባብቶ፣
ጉልበቱ ተናገረ ደረጃ ወጥቶ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእህቴ ልጅማ መሬት ሊወድቅ። ከበር እስከ መቀመጫው ያሉት አምስት ደረጃዎች ናቸው፣ ስወጣ ጉልበቴን ይዤ ነበር፣ ለካ አይቶኛል። ሁለት መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት።