መሪውን መግደል ጦርነቱን ያሳጥራል ወይስ ያሰፋል?

መምህር (ማራኪ)፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው። የታጣቂ ቡድን መሪን ነጥሎ መግደል ጦርነት ያሳጥራል ወይስ ያሰፋል? ዓመቶቹን እንዳንደበላልቅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጻፍ። እኔ ያሰፋል ባይ ነኝ። እስራኤል በ1992 የሊባኖሱን ታጣቂ ቡድን የሂዝቦላህን መሪ አባስ አልሙሳዊን ከነሚስቱና ከነልጁ ገደለች። በወሩ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ያለው የእስራኤል ኤምባሲ በቦምብ ፈረሰ፤ 29 ሰው ሞተ። በሟቹ ቦታ የተተካው ሐሰን ናስራላህ ነው። 32 ዓመት መራ፤ ቡድኑም በእሱ ዘመን ይበልጥ ገዘፈ።

የአዘዞው ወታደር፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አልስማማም። እኔ ሶማሊያ ዘምቼ ነው የተመለስኩት። መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ጓደኛዬን ዓይኔ እያየ ወስዶታል። የቀበረው ምናልባት ልጅ ነው። የላከው ግን ሌላ ነው። የአልሸባብ መሪ የነበረው ጎዳኔ በ2013 ናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ 67 ሰው ያስጨረሰ ሰው ነው። በ2014 አሜሪካ በአየር መታችው። እንዲህ ያለውን ሰው «ተዉት፣ ነገሩ ይሰፋል» ብለን ብንተወው ለሟቾች እናት ምን ብለን እንመልሳለን?

ተማሪ (ቀበሌ 18)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጎዳኔ በሞተ በሳምንቱ ተተኪው ተሾመ። በሰባት ወሩ ደግሞ አልሸባብ ኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ 148 ሰው ገደለ። አብዛኞቹ እንደ እኔ ተማሪዎች ነበሩ።

የአዘዞው ወታደር፦ ጋሪሳን አልክድም ልጄ። ቢን ላደን በ2011 ከተገደለ ወዲህ ግን አልቃኢዳ የሴፕቴምበር 11ን የሚያህል ጥቃት አድርሷል? አላደረሰም። ይሄም ይቆጠር።

የፒያሳዋ፦ እናንተ ስለ መሪ ስታወሩ እኔ እህቴ ትዝ አለችኝ። ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024፣ ናስራላህ የተገደለ ማታ የላከችልኝ ድምፅ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። 43 ሰከንድ ነው። አብዛኛው ትንፋሽ ነው። መጨረሻ ላይ «ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ትላለች። በማግስቱ አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። እሷን ጥለዋት ሄዱ። ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ነው። ሦስት ሌሊት ከሌሎች ሐበሾች ጋር ባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ አደረች፤ ካርቶን አንጥፈው። እማዬ ሳትነገራት አወቀች፤ እህል አልቀምስም አለች። በአራተኛው ቀን የእስራኤል እግረኛ ጦር ደቡብ ሊባኖስ መግባቱ ተሰማ። ማታውን የሂዝቦላህ ደጋፊ ኢራን 180 ያህል ሚሳኤል እስራኤል ላይ ተኮሰች። አንድ ሰው ተገደለ ተብሎ የተጀመረ ነገር በአራት ቀን ሦስት አገር አዳረሰ።

የወለቃው፦ እታለም፣ አይዞሽ። የእኔ ወንድም ደግሞ ማዶ ነው። እስራኤል ገብቶ ወታደር ሆኗል፤ እኛ እዚህ ጎንደር ወደዚያ ለመሄድ ተራችንን እንጠብቃለን። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ እስራኤል ገብቶ ወደ 1,200 ሰው ሲገድል ስልኩ ቀኑን ሙሉ አልነሳም። ያን ያቀደ ሰው በሕይወት እያለ ወንድሜ በሰላም ያድራል ብዬ ማመን ያቅተኝ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር። ጁን 2025 የኢራን የጦር አዛዦች በእስራኤል ጥቃት ባንድ ሌሊት ሲገደሉ «አሁንስ አበቃ» ብዬ ነበር። 12 ቀን ሚሳኤል ወረደ። የወንድሜ ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ መጠለያ ስትወርድና ስትወጣ ከረመች።

መምህር (ማራኪ)፦ ፋሲል ግንብ ሥር ያደግን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ስሑል ሚካኤል በ1769 ዐፄ ኢዮአስን አስገደለ። ዘመነ መሳፍንት እስከ ቴዎድሮስ ንግሥ፣ እስከ 1855 ድረስ አገሩን አመሰው።

የአዘዞው ወታደር፦ ኢዮአስ ንጉሥ ነበር መምህር። ገበያ መሃል ሰው አላስጨረሰም። ይሄስ አይገጥምም።

መምህር (ማራኪ)፦ ልክ ነህ፣ ሰዎቹ አይመሳሰሉም። እኔ ስለ ሟቹ አይደለም የምከራከረው፤ ጎዳኔን አላለቅስለትም። ገዳዩ ቀኑንና ሰዓቱን ይመርጣል። መልሱ የት እንደሚያርፍ ግን አይመርጥም። ቦነስ አይረስ ያሉት ሰዎች ሙሳዊን በስምም ላያውቁት ይችላሉ። የዚች ልጅ እህትስ ምን አገባት?

የአዘዞው ወታደር፦ እሱስ እውነት ነው። እኔም ብሆን አዛዡ ይመታ ስል ከጎኑ ልጅና ሚስት ይለቁ ማለቴ አይደለም። የፒያሳዋ፣ እህትሽ አሁን የት ናት? ተመለሰች?

የፒያሳዋ፦ እዚያው ናት ጋሼ። ፓስፖርቷን ገና አልሰጧትም።