አስቸኳይ፦ የክበባችን ቴሌስኮፕ ብሎን ተሰበረ፣ ቅዳሜ 30 ተማሪ ይጠብቀናል

ናቲ፦
ሰላም ናችሁ። ትናንት ማታ እንጦጦ ላይ ማውንቱን (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ከዋክብትን እንዲከተል የሚያዞረውን) ወደ ሰሜን ኮከብ ዝቅ ሳደርግ ማስተካከያው ብሎን ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። አሁን 20 ዲግሪ ላይ ቆሞ አልወርድም ብሏል። ቅዳሜ 30 ተማሪ ይዘን እንወጣለን። ለክበቡ ያዋጣነው ትንሽ ገንዘብ አለ። ይህንኑ እናሠራ ወይስ ሌላ እንግዛ? እባካችሁ ፈጠን በሉ።

ሳሚ ፒያሳ፦
መስታወቱን አይታችሁታል? መስታወቱ ከተዛባ ምንም ነገር ጥርት ብሎ አይታይም። መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

የጥንት መምህር፦
ልጄ፣ ብሎኑ በአንተ ጥፋት አልተሰበረም። ይህ ዓይነት ማውንት በአብዛኛው የሚታሰበው ከምድር ወገብ 40 እና 50 ዲግሪ ርቀው ላሉ አገሮች ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ የሰሜን ኮከብም ከአድማሱ ያን ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እጅህን ዘርግተህ ጭብጥህን አድማሱ ላይ ብታደርግ፣ የሰሜን ኮከብ ከጭብጥህ አናት አያልፍም። ማውንቱ እስከዚያ ሲወርድ ማመዛዘኛው ብረት የሰሜኑን እግር ይመታል። እኛም ለዓመታት ስንታገለው ኖረናል። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ እንደምትዞር አስተምራቸዋለሁ፤ ስለዚህ ማውንቱ ካልተከተላት ጨረቃ ከመነጽሩ በ2 ደቂቃ ገደማ ትወጣለች። ያ ለልጆች ችግር አይደለም። በእጅ እየገፉ መከተል ይቻላል።

ሳሚ ፒያሳ፦
እኔ አሁንም መስታወቱ ይታይ እላለሁ።

ቶርኖ ቤት፦
ናቲ፣ የቀረውን ብሎን በመዶሻ አትንካው፣ ጥርሱን ታበላሸዋለህ። ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ መሃሉን በስተው ያወጡልሃል። አዲሱን ብሎን ጠንካራ ብረት አድርገው፤ ፋብሪካው የሚሰጠው ለስላሳ ነው።
ለቅዳሜ ካልደረሰ ደግሞ እንዲህ አድርግ። ሁለት እግር ወደ ሰሜን፣ አንዱን ወደ ደቡብ አዙር። ያኔ ብረቱ በሁለቱ መሃል ይወርዳል። ከዚያ የሰሜኖቹን አሳጥር፣ የደቡቡን አስረዝም። በሰሜኖቹና በደቡቡ መሃል 1 ሜትር ካለ፣ 19 ሳንቲም ልዩነት የጎደለህን 11 ዲግሪ ይሞላልሃል። ከመሃሉ ስር ድንጋይ የሞላ ከረጢት እሰርበት፣ እንዳይገለበጥ።

ራሔል፦
የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለምን እንጦጦ? ሁለቱ ባለ 1 ሜትር የምርምር ቴሌስኮፖች እዚያ ስላሉ ነው? እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ስታይ አዲስ አበባ ከነመብራቷ ፊትህ ላይ ናት። የእኛ ሀብት ደግሞ ደቡቡ ነው! የደቡብ መስቀል ከፍ ሲልም 21 ዲግሪ ብቻ ነው፣ መብራቱ ይውጠዋል። አውሮፓ ያሉ ልጆች የሚመኙትን ሰማይ ለምን በመብራት እናጠፋለን? ከከተማው በስተደቡብ ውጡ። መብራቱ ወደ ሰሜን ይቀራል፣ እዚያ ዝቅ ብሎ የሚቀርባችሁ ያው የሰሜን ኮከብ ነው። እኛ በቡታጅራ መንገድ ጢያ አካባቢ ነው የምንሄደው። አስቀድማችሁ ለቀበሌው ንገሩ። የትምህርት ቤት ግቢ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ ጥበቃም መጸዳጃም አለው።

ናቲ፦
ራሔል፣ ለ30 ልጅ መኪና የለንም፣ ቅዳሜ እንጦጦ ነው። የሚቀጥለውን ግን ደቡብ እናደርገዋለን። ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ስለ መግዛቱስ ምን ይላሉ?

የጥንት መምህር፦
ለጋራ ከሆነ ባለ 200 ሚሊ ሜትር መስታወት ዶብሶንያን (በቀላል ሳጥን ላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ) ግዙ። ብሎን የለው፣ የሰሜን ኮከብ ፍለጋ የለው። መሬት አስቀምጠህ መግፋት ብቻ ነው፤ አሥር ዓመት ልጅም ያዞረዋል። 1200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለውን ከመረጣችሁ በ25 ሚሊ ሜትሩ የዓይን ሌንስ 48 ጊዜ ያጎላል፣ ጨረቃ ሙሉ ትገባለች። ክብደቱ ብቻ ይታሰብበት፤ ሁለት ሰው ይሸከመው። የማን ቤት እንደሚቀመጥም ሳትገዙ ተነጋገሩ። የእኛ ክበብ የተጣላው በዚያ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
ናቲ፣ ብሎኑ ስንት ሚሊ ነው? 8 ነው 10? ዛሬ መርካቶ ነኝ፣ ይዤልህ ልምጣ።